ልጅ የሚያድግበትና ጆሮ የሚሰማበት መልእክት

ልጅ ተወልዶ፥ ወንድ ከኾነ በአርባ፥ ሴት ከኾነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ከተነሣ በኋላ፥ ወላጆች ዐይናቸውን ጥለው የሚጠባበቁት ነገር ኹለት ነው። አንደኛው፥ የተሰፋለት እጀ ጠባብ በዓመቱ ሲያጥረው ማየት ነው፤ ኹለተኛው፥ እናቲቱ ከጓዳ ኾና በስሙ ስትጠራው ዘወር ሲል ማየት ነው። ልጁ ባያድግ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል፤ ባይሰማም «እናቱ እርጉዝ ሳለች ያስደነገጣት ነገር ነበረ» ወይም «የአባቶቹ ኀጢአት ደርሶበት ነው» እየተባለ በቤተ ዘመድ መካከል ይንሾካሾኩበታል። በዚህ ወሬ ምክንያት አንገቷን ደፍታ የኖረችውን እናት ቈጥሮ የሚጨርስ የለም። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ የአካል ማደግና የጆሮ መስማት በሰውነት ውስጥ ከአንድ መልእክተኛ ትእዛዝ የሚቀበሉ መኾናቸው በምን መንገድ እንደ ታወቀ፥ ለዚህም ዕውቀት ወጪውን የቻለው ማን እንደ ነበረ ነው። ነገሩ በብዛት የተፈጸመው በአሜሪካ ስለ ኾነ የምንጠራቸው ዘመናት ኹሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ኹለት ዕጢዎች እንናገር። በራስ ቅል ውስጥ ከአንጎል ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ዕጢ ተንጠልጥላለች፤ ሐኪሞች ፒቱታሪ ይሏታል። ከርሷ ከሚወጡት ሆርሞኖች አንዱ የዕድገት ሆርሞን ይባላል። ሆርሞን ማለት ከአንድ ዕጢ ወጥቶ በደም ውስጥ እየተጓዘ ለሩቅ አካል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነውና፥ ደብዳቤ ይዞ ከሚሮጥ መልእክተኛ ጋራ ብናመሳስለው ከእውነቱ አንርቅም። ኹለተኛይቱ ዕጢ በአንገት ላይ ከማንቍርት በታች ክንፏን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ ተለጥፋ የምትገኘው ታይሮይድ ናት። ይህች ዕጢ ስታብጥ ነው እኛ እንቅርት የምንለው። የታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ አዮዲንም ከምግብና ከውሃ ካልተገኘ ሰውነት ራሱ ሊፈጥረው አይችልም።

ከፒቱታሪ የሚወጣው የዕድገት ሆርሞን ሲጐድል ልጅ ቁመቱ እንደሚያጥር ከታወቀ ብዙ ዘመን ኾኖታል። ነገር ግን ከበግና ከላም የተወሰደው ሆርሞን በሰው ላይ ስለማይሠራ መድኀኒቱ የሚገኘው ከሞተ ሰው ፒቱታሪ ብቻ ነበር። በ1958 ሞሪስ ራቤን የተባለው የቦስቶን ሐኪም ከዚህ የወጣውን ሆርሞን ለአንድ ቁመቱ ላጠረ የ17 ዓመት ልጅ ሰጥቶ ማደጉን አስታወቀ። ይህ በተሰማ ጊዜ የወላጆች ልመና በየሐኪሙ ደጅ በዛ። የአንድ ልጅ የዓመት መድኀኒት የብዙ አስከሬን ዕጢ የሚጠይቅ ስለ ኾነም የአሜሪካ መንግሥት በ1963 ብሔራዊ የፒቱታሪ ወኪል የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ወጪውን የሚችለው ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሚል ስም የሚጠራው የመንግሥት የምርምር መሥሪያ ቤት ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት በ1887 በኒው ዮርክ በስታተን ደሴት በአንድ ክፍል ላቦራቶሪ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በሜሪላንድ በቤቴዝዳ ከተማ ተቀምጦ በ2023 ከ47 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ተመድቦለት ነበር። ገንዘቡ ኹሉ ከሕዝብ ግብር የሚወጣ ሲኾን አብዛኛው በየዩኒቨርሲቲው ላሉ ተመራማሪዎች በድጎማ ይታደላል።

በዚህ ሥራ የተገኘውን መልካም ፍሬ ብቻ ነግረን የደረሰውን መከራ ብንደብቅ አንባቢን እንዳታለልን ይቈጠርብናል። በ1985፥ በልጅነታቸው ይህን ሆርሞን ሲወጉ ከኖሩት መካከል ጥቂት ወጣቶች ክሮይትስፌልት ያኮብ በሚባል አንጎልን በሚያፈርስ ደዌ ሞቱ። ደዌው ከአስከሬኑ ዕጢ ጋራ አብሮ የመጣ ነበር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ማደሉን አቆመ። በአሜሪካ ሆርሞኑን ከተቀበሉት 7,700 ያህል ሰዎች መካከል፥ ደዌው ብዙ ዓመት ተደብቆ የሚቈይ ስለ ኾነ፥ እስከ ዛሬ ድረስ ከሠላሳ በላይ የሚኾኑት በዚሁ ሞተዋል። ልጄ ይረዝምልኛል ብሎ በገዛ እጁ መርፌውን የወጋ አባት ኀዘን እንዴት ያለ እንደ ኾነ መናገር አያስፈልገንም። መንግሥቱ ግን ነገሩን ሸሽጎ አላለፈም፤ የተወጉትን ሰዎች እየፈለገ አስጠነቀቀ፥ ጤናቸውንም ለብዙ ዓመት ተከታተለ። በ1985 በጥቅምት፥ ከአስከሬን ሳይኾን በባክቴሪያ ውስጥ በጥበብ የተሠራ የዕድገት ሆርሞን ለሕዝብ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ይህ ሊኾን የቻለው የሆርሞኑ ዘረ መል ከስድስት ዓመት በፊት ተገልብጦ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የዕድገት ሆርሞን ለአጥንት ትእዛዝ የሚያደርስ ከኾነ፥ ለፒቱታሪ ራሷ «አሁን ሥሪ፥ አሁን አቁሚ» ብሎ የሚያዝዛት ማን ነው? ይህን በሰው ላይ መመርመር አይቻልም። በ1960ዎቹ አርመን ታሽጂያንና ባልደረቦቹ ከአይጥ ፒቱታሪ ዕባጭ የወሰዱትን ሕዋስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እየመገቡ ማኖር ቻሉ። ሕዋስ ያልነው ሥጋ ኹሉ የተሠራበትን፥ በዐይን የማይታየውን ታናሽ ክፍል ነው። እነዚህ የአይጥ ሕዋሳት ከዕቃው ውስጥ ኾነው የዕድገት ሆርሞን ይሠሩ ነበር። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሄርበርት ሳሙኤልስ ከሚመገቡት ፈሳሽ ውስጥ የታይሮይድን ሆርሞን ሲያወጣው የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሲመልሰው ይጨምራል። ለጊዜው እጅግ ታናሽ ነገር ይመስል ነበር።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል በገንዘብ ሚኒስቴር የሚሠራ ሰው ቢኖር «ለአይጥ ዕጢ ሕዋስ ቀለብ የሕዝብ ግብር ይከፈላልን?» ይል ይኾናል። አያስወቅሰውም። በአሜሪካም እንዲህ የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር ከ1975 እስከ 1988 በየወሩ በከንቱ ወጣ ላሉት የመንግሥት ገንዘብ «የወርቅ ፀምር» የሚል የፌዝ ሽልማት ይሰጡ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ጠባቂ ሊኖረው እንደሚገባ እኛም እናምናለን። ነገር ግን የሕዋሱ ነገር ወዴት እንዳደረሰ ተመልክቶ መፍረድ ይሻላል።

መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ ወደ ግቢ ቢመጣ አጋፋሪው ካላስገባው ደብዳቤው አይነበብም። ሳሙኤልስም በ1973 ከአንድ ባልደረባው ጋራ ኾኖ የታይሮይድን ሆርሞን የሚቀበለው አጋፋሪ በሕዋሱ እምብርት ውስጥ፥ ዘረ መሉ በተከማቸበት ስፍራ እንደሚቀመጥ አሳየ። በ1986 በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኹለት የሊቃውንት ወገኖች፥ አንዱ በካሊፎርኒያ በሮናልድ ኤቫንስ ዘንድ፥ ሌላው በጀርመን አገር በሃይደልበርግ በቢዮርን ቬንስትሮም ዘንድ፥ ይህን አጋፋሪ የሚሠራውን ዘረ መል ማግኘታቸውን በአንድ ጊዜ አስታወቁ። ከዚያም አጋፋሪው አንድ ሳይኾን ኹለት እንደ ኾነ ታወቀ፤ አንዱን አልፋ፥ ኹለተኛውን ቤታ ብለው ሰየሟቸው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ጆሮ ያነሣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከዚያ ኹሉ አስቀድሞ፥ በ1967፥ ሳሙኤል ረፈቶፍና ባልደረቦቹ ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጽፈው ነበር። አባትና እናት በሥጋ የሚዛመዱ ነበሩ። ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ጆሯቸው አይሰማም፥ አይናገሩምም፤ እንቅርት አለባቸው፥ አጥንታቸውም እንደ ዕድሜያቸው አልበሰለም። ይህ የታይሮይድ ጕድለት ምልክት ይመስል ነበር፤ ደማቸው ሲመረመር ግን ሆርሞኑ ከልክ በላይ ሞልቶ ተገኘ። ሐኪሞቹም መልእክተኛው ሳይጐድል ተቀባዩ አካል ባይሰማው ነው ብለው ገመቱ። ግምታቸው 25 ዓመት ቈይቶ በ1992 ተረጋገጠ፤ በእነዚያ ልጆች ዘንድ የቤታ አጋፋሪ ዘረ መል ከአባትም ከእናትም በወረሱት ወገን ፈጽሞ ጠፍቶ ተገኘ። ያን ጊዜ የአይጡ ሕዋስና የዚህ ቤተ ሰብ ኀዘን በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። የዕድገት ሆርሞንን አዛዥ ሲፈልጉ የተገኘው አጋፋሪ ለጆሮም የሚያስፈልግ ኾኖ ተገኘ።

በ1996 ዳግላስ ፎረስትና ባልደረቦቹ የቤታን ዘረ መል ያጠፉባቸውን አይጦች አሳደጉ። አይጦቹ አደጉ፥ በሉ፥ ሮጡ፤ ድምፅ ግን አልሰማ አላቸው። ከዚህም የተነሣ ሥራው በኹለቱ አጋፋሪዎች መካከል የተከፋፈለ እንደ ኾነ ተረዳ፤ አልፋ ይልቁንም ለአጥንት፥ ቤታ ይልቁንም ለጆሮ። በ2012 አልፋው የተበላሸባት ቁመቷ ያጠረ ሕፃን በተገኘች ጊዜ ይህ በሰውም ዘንድ ታየ። ፎረስት ምርምሩን በኋላ በቤቴዝዳ በመንግሥቱ ተቋም ውስጥ ቀጠለ።

ከዚህ ምርምር ኹሉ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን የጊዜው ነገር ነው። የጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ኹለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመጠመ ነው፤ በውስጡም ፀጕር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈው የድምፁን ንዝረት ለነርቭ ያስተላልፋሉ። የአይጥ ግልገል ስትወለድ አትሰማም፤ መስማት የምትጀምረው በኹለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ያ ቀን ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ በጆሮዋ ውስጥ አንድ ኤንዛይም ይበዛና የታይሮይዱን ሆርሞን ወደሚሠራበት መልኩ ይለውጠዋል፤ ይህ ኤንዛይም የጠፋባት አይጥ በደሟ ሆርሞን እያለ ጆሮዋ ሳይበስል ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ኤንዛይም ሆርሞኑን እያጠፋ ጆሮውን ይጠብቀዋል፤ ይህኛው ጠባቂ ቢታጣ ትእዛዙ ያለ ጊዜው ይደርስና ጆሮው ይበላሻል። እንግዲህ ትእዛዝ ዘግይቶ ቢደርስም ቀድሞ ቢደርስም ጆሮ ይጐዳል ማለት ነው። ጆሮው አንድ ጊዜ ሳይበስል ካለፈው በኋላ ሆርሞን ቢሰጡት የቀድሞውን አይመልስለትም።

በሰው ልጅ ዘንድ ይህ የብስለት ጊዜ የሚያልፈው በማኅፀን ሳለ ነው፤ ፅንስ ከመወለዱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ድምፅ መስማት ይጀምራልና። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የራሱ ታይሮይድ ስላልደረሰለት ከእናቱ ሆርሞን ይካፈላል። ስለዚህ እናቲቱ አዮዲን ቢጐድላት፥ ጕድለቱም ብርቱ ቢኾን፥ ልጁ አጭር፥ አእምሮው የዘገየ፥ ጆሮውም የማይሰማ ኾኖ ሊወለድ ይችላል። ዘግይታ «ምን በደልኹ?» ብላ ስታለቅስ በደሉ የርሷ አልነበረም። ምድሪቱ ናት አዮዲን የጐደላት።

ይህን በመጀመሪያ በግልጥ ያዩት በአልፕስ ተራራ የሚኖሩ የስዊስ ሰዎች ናቸው። በየሸለቆው እንቅርትና ደንቆሮነት ተዛምተው ነበርና፥ በ1922 በአፔንጸል አውሰርሮደን ግዛት ሐኪሙ ሃንስ ኤገንበርገር ተከራክሮ አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ለሕዝብ እንዲሸጥ አስደረገ። ከዚያ በኋላ በተወለዱት ልጆች ዘንድ ያ ደዌ እየጠፋ ሄደ።

ለእኛም አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ደጋችን ተራራማ ነው፤ ዝናም አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑን አብሮ ይወስደዋል። አያቶቻችን አሞሌ ጨው ከአፋር ቈላ በግመል እያስመጡ ወጥ አጣፍጠውበታል፥ ገንዘብም አድርገው ተገበያይተውበታል፤ ነገር ግን ከምድር የሚቈረጠው ጨው አዮዲን ካልተጨመረበት ለዚህ ጕዳይ አይበቃም። በ2011 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ኹሉ አዮዲን እንዲኖርበት ደንብ አወጣ። በ2016 በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 89 ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በሕዝብ ጤና ሥራ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ምንም እንኳ በየጨዉ ውስጥ የሚገኘው የአዮዲን መጠን እኩል ባይኾን፥ ከሚገባውም በታች የኾነ ብዙ ቢገኝበት።

ደንቡ እስከ ገበያ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእመቤቲቱ እጅ ነው። አዮዲን በርጥበትና በፀሐይ ይጠፋል። ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማኖር፥ ከምድጃው ጢስና እንፋሎት ማራቅ፥ «አሸዋ አለበት» ብሎ አለማጠብ፥ ወደ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሮ ማማሰል ይገባል። ለእርጉዝና ለምታጠባ ሴት የዓለም ጤና ድርጅት የመደበው በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ነው፤ ለሌላው አዋቂ 150። ይህን ለማግኘት ጨው ማብዛት አያስፈልግም፥ ጨው ሲበዛ ሌላ ጕዳት አለውና። ታይሮይዷ የሚታከም ሴትም እንደ ፀነሰች ባወቀች ጊዜ ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር፤ የመድኀኒቱ ልክ ብዙ ጊዜ መጨመር ያስፈልገዋል።

ልጁ ከተወለደ በኋላም ሥራ አለ። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል አንዱ ታይሮይዱ ሳይሠራ ይወለዳል፤ ሲታይ ግን ጤናማ ይመስላል። ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ ተወስዶ ቢመረመርና በመጀመሪያዎቹ ኹለት ሳምንታት ውስጥ ታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ቢጀመርለት አእምሮውና ቁመቱ ይድናሉ። ጆሮውም በአነስተኛ መሣሪያ ተኝቶ ሳለ ሊፈተን ይችላል። በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚታወቁት ኹለት ዓመት ተኩል ያህል ከኾናቸው በኋላ ነበር፤ በ1993 ያው ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሊቃውንትን ሰብስቦ ሕፃናት ኹሉ እንደ ተወለዱ ጆሯቸው እንዲፈተን አሳሰበ። ዛሬ በዚያ አገር ከ100 ሕፃናት ከ95 የሚበልጡት ይፈተናሉ። ልጁ እንደማይሰማ ቀድሞ ሲታወቅ፥ በመሣሪያ ቢረዳም፥ በእጅ ምልክት ቋንቋ ቢማርም፥ አእምሮው ያለ ቋንቋ አይራብም።

እንዲህ ያለ ምርመራ በሌለበት ስፍራ ለሚኖሩ ወላጆች አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በልጁ ፊት ማጨብጨብ ፈተና አይደለም፤ የእጁን ጥላ ያያል፥ ነፋሱም ይነካዋል። ከኋላው ኾኖ፥ ሳይታዩ፥ ዝቅ ባለ ድምፅ መጥራት ይሻላል። ዘጠኝ ወር ሞልቶት ለተጠራበት ድምፅ ዘወር ካላለ፥ ወይም በልደቱ ቀን በበሩ መቃን ላይ የተሠመረው የቁመቱ ምልክት በሚቀጥለው ዓመት ያለ ለውጥ ከተገኘ፥ አባትና እናት አብረው ይዘውት ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የአንገቱንና የደሙን ምርመራም ራሳቸው ይጠይቁ።